የእፉኝቱ መንገድና የመድኃኒቱ መንገድ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ተረት። ዝናሙ መውረድ ሲጀምርና በተራራው ግርጌ ሣሩ ከፍ ሲል የጀበል ነዋሪም ይህን ተረት ለማስታወስ አይቸገርም። ጀበል በዐረብኛ ተራራ ማለት ነው። ከጁባ ከተማ በስተ ምዕራብ የቆመው ጀበል ኩጁር ስሙን ለሰፈሩም ለገበያውም አውርሷል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከአገር ቤት የመጣ ሰውም ሆነ የአካባቢው ተወላጅ ማታ መብራት ሳይዝ አይወጣም፤ ልጆቹንም በባዶ እግራቸው ሣር ውስጥ እንዳይገቡ ይመክራል።

እባብን ደጃፍ ላይ ማየት አንድ ነገር ነው። በከረጢት ታስሮ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ ከአገር አገር ሲሻገር ማሰብ ግን ሌላ ነው። ይሁንና ይህ ንግድ አለ፤ የሚከለክለው ሕግም አለ፤ በዚህም ሕግ እስር ቤት የገቡ ሰዎች አሉ። ለመሆኑ እባብን ድንበር ማሻገር ወንጀል የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሕጉስ የሚጠብቀው እባቡን ነው ወይስ ሰውን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከዓባይ ተፋሰስ ብዙም ሳይርቁ ታሪኩን ከሥሩ መከተል ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የንጉሡ ዘንዶ

ከዓባይ ደቡብ ተይዞ ባሕር ዳርቻ ድረስ ስለ ተጓዘ እባብ የሚናገረው ጥንታዊ ታሪክ የሲሲሊው ዲዮዶሮስ ጽፎት ይገኛል። ዲዮዶሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የታሪክ ጸሐፊ ነው። እንደ እርሱ አተራረክ፣ ከ200 ዓመት በፊት ግብጽን የገዛው ዳግማዊ በጥሊሞስ ብርቅ አውሬዎችን ለሚያመጡለት አዳኞች ብዙ ሽልማት ይሰጥ ነበር። ሽልማቱን የተመኙ አዳኞችም «ኢትዮጵያ» ወደሚባለው ምድር ወርደው 30 ክንድ የሚረዝም እባብ በሕይወቱ ለመያዝ ተነሡ። በዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ፣ ዛሬ ሱዳን የሚባለውንም ጭምር እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል።

መጀመሪያ በገመድ ሊያስሩት ሞከሩ። እባቡ አንዱን በአፉ ያዘ፣ ሌላውን ተጠምጥሞ ጨፈለቀው፤ የቀሩት ሸሹ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ዘዴ ዘየዱ። በእባቡ ልክ ከቄጠማ ትልቅ ቅርጫት ሠሩ፤ ለምግብ በወጣበት ሰዓት የጉድጓዱን አፍ ደፍነው ቅርጫቱን በአጠገቡ አኖሩ። ሲመለስም በፈረሰኛ፣ በቀስተኛና በመለከት ድምፅ አስደንግጠው ወደ ቅርጫቱ አስገቡት። ዘንዶው እስክንድርያ ደረሰ፤ በረኀብ ተገርቶ ለእንግዶች መታያ ሆነ፤ አዳኞቹም ተሸለሙ።

የርዝመቱ ነገር የተጋነነ ነው፤ እንስሳውም መርዛማ እባብ ሳይሆን ዘንዶ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ሆኖም ትረካው አንድ ቁም ነገር ያሳያል። በዚያ ዘመን እባብን ከምድሩ ነቅሎ መውሰድ የሚያስከስስ ሳይሆን የሚያሸልም ሥራ ነበር። የሞቱት አዳኞች ግን ምን እንደ ተደረገላቸው ትረካው አይነግረንም። እባቡ በታሪክ ውስጥ ስፍራ ሲያገኝ እባቡ የጎዳው ሰው ሲረሳ የምናየው ይህ መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ሁለት ሕጎች በአንድ ወር

ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት እባብ በሕግ ዓይን ጠላት ብቻ ነበር። የሐበሻ አፈ ታሪክም የነገሥታቱን ዘር የሚጀምረው ሕዝቡን ሲያስገብር የነበረው አርዌ ከተገደለ በኋላ ነው። እባብን የሚገድል ሰው ይመሰገናል እንጂ አይጠየቅም ነበር።

በ1900 ግንቦት ወር ግን ሁለት ሕጎች በአንድ ሳምንት ልዩነት ወጡ። የመጀመሪያው በግንቦት 19 ቀን ለንደን ላይ የተፈረመው የአፍሪካን የዱር አራዊት፣ አዕዋፍና ዓሦች ለመጠበቅ የታሰበ ስምምነት ነው። የፈረሙት አፍሪካን የተከፋፈሉት የአውሮፓ መንግሥታት ነበሩ፤ ከአፍሪካ ሕዝብ የተወከለ ማንም አልነበረም። ስምምነቱ ቀጭኔን፣ ጎሪላንና ሌሎችንም እንዲጠበቁ በዝርዝር አስፍሯል። በሌላ ዝርዝር ደግሞ ቁጥራቸው እንዲቀነስ የሚፈለጉ «ጎጂ» አራዊትን አስገብቷል። አንበሳና ጅብ፣ ዐዞና ዘንዶ፣ መርዛማ እባቦችም ሁሉ በዚህ ውስጥ ነበሩ። እንቁላላቸው ሳይቀር እንዲጠፋ እርምጃ እንዲወሰድ ይላል። በቂ መንግሥታት ስላላጸደቁት ስምምነቱ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ አስተሳሰቡ ግን በቅኝ ግዛት የአደን ደንቦች ውስጥ ቀጠለ።

ሁለተኛው በግንቦት 25 ቀን በአሜሪካ የጸደቀው የሌሲ ሕግ ነው። የአዮዋው ተወካይ ጆን ሌሲ ያቀረበው ይህ ሕግ የተነሣበት ምክንያት የወፍ ንግድ ነበር። አዳኞች በአንዱ ክፍለ ግዛት ሕግ ጥሰው የገደሏቸውን ወፎች ወደ ሌላው አሻግረው ይሸጡ ነበር። የመጀመሪያው ክፍለ ግዛት ሥልጣን ከወሰኑ አያልፍም፤ ሁለተኛው ደግሞ በራሱ ምድር የተፈጸመ ጥፋት የለም ይላል። ሌሲ ይህን ቀዳዳ ደፈነ። በተወሰደበት ስፍራ ሕግ የተጣሰበትን እንስሳ ወሰን ማሻገር ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ሆነ።

ሕጉ ሲወጣ እባብን አያውቅም ነበር። በ1935 በውጭ አገር ሕግ ተጥሶ የተወሰደ እንስሳም እንዲካተት ተሻሻለ። በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት የገቡት ግን በ1969 ነው። በለንደኑ ስምምነት እንቁላሉ ሳይቀር እንዲጠፋ የተፈረደበት እባብ፣ በሕግ ጥላ ሥር ለመግባት 69 ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። የሁለቱ ማሻሻያዎች ድምር ለእኛ አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ሰው ከኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ያወጣውን እባብ ከቴክሳስ ወደ ፍሎሪዳ ቢወስድ፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚጠቀስበት ጥፋት የኢትዮጵያን አዋጅ መጣሱ ሊሆን ይችላል።

ከመቱ እስከ ቦን

ይህ ነገር ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ የኢሉባቦር እባብ አለ። ኢሉባቦርና የዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የአንድ ውኃ ጎረቤቶች ናቸው። አፄ ምኒልክና እንግሊዞች በግንቦት 15 ቀን 1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የጎሬና የመቱ ቡና ክረምት ሲመጣ በእንፋሎት ጀልባ ተጭኖ በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ ካርቱም ይደርስ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው። ቡና፣ ቆዳና ሰም በዚህ መንገድ ሲጓዙ፣ የደኑ እፉኝት ግን ማንም ሳያውቀው በስፍራው ኖረ።

በ1977 የቦን ከተማው የኮኒግ ሙዚየም ተመራማሪ ቮልፍጋንግ በሜ፣ በመቱና በበደሌ መካከል ካለ የወንዝ ድልድይ አካባቢ የተገኘን እፉኝት አዲስ ዝርያ መሆኑን ጽፎ አሳወቀ። «ቢቲስ ፓርቪኦኩላ» አለው፤ ባለ ትንሽ ዓይን እንደ ማለት ነው። በቢጫና በአረንጓዴ መደብ ላይ ጥቁር የተሰካካ ምልክት ያለው፣ መልኩ ያማረ፣ ከኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች በስተቀር በሌላ አገር የማይገኝ እባብ ነው። በ2016 ደግሞ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪ ዴቪድ ጋወርና ባልደረቦቹ የባሌው ዘመዱ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አስረድተው፣ ከሐረና ደን ስም ወስደው «ቢቲስ ሐረና» ብለውታል።

የደኑ ገበሬ እፉኝት የሚለውን ስም ሲሰማ የሚያስበው ክፋትን ነው። «የእፉኝት ልጅ» ከባድ ስድብ ነው። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው እንደሚወጡ ይተርካል። በባሕር ማዶ ላለ እባብ አርቢ ግን ይኸው እፉኝት ብርቅ ጌጥ ነው። ለ30 ዓመት ያህል ከጥቂት የሙዚየም ናሙናዎች በስተቀር የማይታወቀው እባብ ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት በሕይወቱ አሜሪካ ደረሰ፤ በሰብሳቢዎችም እጅ ገባ። ብርቅነቱ ዋጋውን ወደ ላይ ገፋው።

በዚያን ጊዜ ዓለም አቀፉ ሕግ ምን ይል ነበር? በመጋቢት 3 ቀን 1973 የ80 አገሮች ተወካዮች ዋሽንግተን ላይ የተስማሙበት፣ በአጭር ስሙ ሲቲስ የተባለው ውል ለመጥፋት የተቃረቡ አራዊትና ዕፅዋትን ንግድ ይቆጣጠራል። ኢትዮጵያ የገባችበት በ1989 ነው። ሲቲስ የሚሠራው በዝርዝር ነው። በአባሪዎቹ ስሙ የሰፈረ እንስሳ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ስሙ ያልሰፈረውን ግን ውሉ አያየውም። የመጀመሪያዎቹ የኢሉባቦር እፉኝቶች ባሕር ሲሻገሩ ስማቸው በዝርዝሩ አልነበረም። ጎረቤት ኬንያ ይህን ቀዳዳ አስተውላ፣ በ2016 ጆሃንስበርግ በተደረገው ጉባኤ ሁለት ያገሯን እፉኝቶች በሁለተኛው አባሪ እንዲመዘገቡ አድርጋለች።

ዝርዝር ውስጥ ያልገባ እባብ የሚጠበቀው በምንጩ አገር ሕግ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ሕግ ታሪክ የሚጀምረው በ1909 በአፄ ምኒልክ ዘመን ከወጣው የዝሆን አደን ደንብ ነው። ከዚያ በ1944ና በ1972 የወጡ ሕጎች ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው ዓይናቸው ጥርስ፣ ቀንድና ቆዳ ላይ ነበር። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ግን ለማዳ ያልሆነ እንስሳን በሰፊው «የዱር እንስሳ» ብሎ ስለሚተረጉም እባብም ከትርጉሙ አይወጣም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ፣ ከቦታ ቦታ ማዘዋወርና መሸጥ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። በደቡብ ሱዳንም ከነፃነት በፊት በ2003 የወጣ የዱር እንስሳት ጥበቃና የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ አለ።

የተቀደደው ሻንጣ

ሕጉ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ በገሃድ ያሳየው ጉዳይ በ2010 ነሐሴ ወር በኳላ ሉምፑር አውሮፕላን ማረፊያ የተፈጸመው ነው። አንሰን ዎንግ የተባለው ማሌዥያዊ የአራዊት ነጋዴ ቀደም ሲል በ1998 ሜክሲኮ ላይ ተይዞ፣ በ2001 በአሜሪካ ፍርድ ቤት 71 ወር እስራት ተፈርዶበት ነበር። ከተፈታ በኋላ ከፔናንግ ተነሥቶ ወደ ጃካርታ ሲጓዝ ሻንጣው በማጓጓዣው ላይ ተከፈተና እባብ ታየ። ሲፈተሽ 95 ቦአ የሚባሉ እባቦች፣ 2 ባለ ቀንድ አፍንጫ እፉኝቶችና 1 ኤሊ ተገኙ። ፍርድ ቤቱ 6 ወር ፈረደበት፤ ዓቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ 5 ዓመት አስደረገ፤ በ2012 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የበላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ቀንሶ ለቀቀው።

አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ክሱ የተመሠረተው መርዝ በሌላቸው በ95ቱ ቦአዎች ላይ ነው፤ ስማቸው በሲቲስ ዝርዝር የሰፈረው እነርሱ ናቸውና። ሁለቱ እፉኝቶች የኢሉባቦሩ እባብ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ያንን ሻንጣ ባዶ እጁን የሚያነሣ ተሸካሚን ሊገድሉ የሚችሉት እነርሱ ሲሆኑ በክሱ ላይ ሚዛን አልነበራቸውም። ሕጉ የተጠየቀው «እንስሳው ብርቅ ነው ወይ?» ተብሎ ነው እንጂ «ሰውን ይገድላል ወይ?» ተብሎ አይደለም።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቁ ሕጎችም አሉ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እባብን ጨርሶ አይቀበልም። የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት መርዛማ እባብ ለመያዝም ሆነ ለመሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል። በ2023 ጥር ወር የክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት «ኦፕሬሽን ቫይፐር» በተባለ ምርመራ 8 ሰዎችን መክሰሱን አስታውቋል። 200 የሚጠጉ መርዛማ እባቦች የተያዙ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ የአፍሪካ እፉኝቶችና ኮብራዎች ነበሩ። በዚያ ከእነዚህ አንዱ ሰው ቢነድፍ መድኃኒቱን ከመካነ አራዊት መጋዘን አስፈልጎ በአውሮፕላን ማስመጣት ይቻላል። እባቡ ከተነሣበት አገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

መድኃኒቱ የጠፋበት መንገድ

የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራው ከመርዙ ከራሱ ነው። የፈረንሳዩ ሐኪም አልቤር ካልሜት በ1895 ሥራ ላይ ያዋለው ዘዴ በመሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም። የእባብ መርዝ ይታለባል፤ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ይወጋል፤ የፈረሱ ደም የሚያፈራው መከላከያ ተጣርቶ መድኃኒት ይሆናል። የአንዱ እባብ ማርከሻ ሌላውን ላያድን ስለሚችል የየአገሩ እባብ መርዝ ያስፈልጋል። በካርቱም ያገለግል የነበረው ሐኪም ኖርማን ኮርኪል በ1935 ስለ ሱዳን እባቦች መጽሐፍ ያሳተመውም የነደፈውን ሳያውቁ የተነደፈውን ማከም አስቸጋሪ በመሆኑ ነበር።

እንግዲህ የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ማርከሻ እንዲሠራ መርዙ፣ አንዳንዴም እባቡ ራሱ፣ ድንበር መሻገር አለበት። የኢሉባቦሩ እፉኝት ለዚህ ምስክር ነው። ለዚህ እባብ ተብሎ የተሠራ ማርከሻ ባልነበረበት ጊዜ፣ በ2011 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የደቡብ አፍሪካው ማርከሻ መርዙን በላቦራቶሪ አይጦች ላይ እንደሚያከሽፍ አሳትመዋል። ለመቱ ገበሬ ሕይወት የሚጠቅም ይህ ዕውቀት የተገኘው ከመቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። መርዙ ባይሻገር ኖሮ ባልታወቀ ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ መንገድ አበጅቷል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት መጠቀም የሚሻ ወገን ፈቃድ እንዲያወጣና ከጥቅሙ እንዲያካፍል ያዛል። ይህ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጤፍ ውል ለኢትዮጵያ ጥቅም ሳያስገኝ ቀርቶ፣ ኩባንያው ያወጣውን የጤፍ ዱቄት የፈጠራ መብት የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ ያለው በ2018 መጨረሻ ነው። ጤፍ ያስተማረው ትምህርት ለእፉኝት መርዝም ይሠራል። ጥያቄው «ይውጣ ወይስ አይውጣ?» ሳይሆን «ሲወጣ ለተነደፈው ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?» የሚለው ነው።

እስካሁን የተመለሰው ጥቂት ነው። ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ 10 የአፍሪካ እባቦችን መርዝ ያረክስ የነበረውን «ፋቭ አፍሪክ» የተባለ ማርከሻ ማምረት በ2014 አቆመ፤ አያዋጣኝም አለ። የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች የአገልግሎት ጊዜ በ2016 ሰኔ ወር አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ከዚያ በኋላ፣ በ2017 ነው። ድርጅቱ እንደሚገምተው በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ሰው በእባብ ይነደፋል፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሰው ይሞታል፤ እጅ እግሩን ወይም ዓይኑን የሚያጣው ደግሞ ከሟቹ 3 እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያሉት ሰዎች ለዚህ አካባቢ ሩቅ አይደሉም። በአማራ ክልል አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ሲያክሟቸው የኖሩት ከደጋ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ማታ እርሻው ዳር መሬት ላይ ይተኛሉ። በአቢዬ አካባቢ በአጎክ የነበረውም ሆስፒታል በ2022 በተነሣው ግጭት እስኪዘጋ ድረስ የከብት ጠባቂዎችንና የገበሬዎችን ንድፊያ ያክም ነበር። እነዚህ ሰዎች እባብ አይነግዱም፤ ድንበር ላይም አይፈተሹም። አንድ ብልቃጥ ማርከሻ ለአንዳንዶቹ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ነው፤ ያውም ከተገኘ።

የታሪኩን ሂደት በአጭሩ ስንመለከተው፣ እባብ በበጥሊሞስ ዘመን ሀብት ነበር፤ በ1900 ለንደን ላይ ጠላት ተባለ፤ በ1969ና በ1973 ሕጎች ተጠባቂ ሆነ። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት በሕጉ መካከል የቆመው እባቡ ነው። መጠበቁም ተገቢ ነው። የኢሉባቦርና የባሌ ደን እፉኝቱን ካጣ፣ ማርከሻ ሊሠራበት የሚችለው መርዝም አብሮ ይጠፋል። ነገር ግን እፉኝት በኮንትሮባንድ እንዳያልፍ ኬላ የሚጠብቅ መንግሥት፣ በዚያው ኬላ የማርከሻው ብልቃጥ ሳይሞቅና ሳይዘገይ የሚያልፍበትን መንገድ መጥረግ ይኖርበታል። ጎረቤት አገሮችም የአንድ ደን፣ የአንድ ሣርና የአንድ ውኃ እባቦች ስለሚጋሩ፣ መድኃኒቱን በጋራ ቢገዙና ቢያስቀምጡ ድካሙ ይቀልላቸዋል።

ተረቱ እባብ ያየ ሰው ልጥም ያስበረግገዋል ይላል። ሕጉ እባቡን ካየው ቆይቷል። በአብደራፊ የሰሊጥ ማሳ ዳር ወይም በጀበል ሣር ውስጥ የተነደፈውን ሰው ግን ገና በቅጡ አላየውም።